ኢስታንቡል ልበል ወይስ ቁስጥንጥንያ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የዓለም ከተሞችን አጭር ታሪክ እየጻፍኩ ነው። ስማቸው የተቀያየረ ከተሞች ላይ ስደርስ ግራ ይገባኛል። «ኢስታንቡል በ330 ዓ.ም. ተመረቀች» ብል ያስኬዳል? ወይስ ቁስጥንጥንያ ማለት አለብኝ? ስሙን በየመሀሉ መለዋወጥስ አንባቢን አያደናግርም?

መልስ፦ አያስኬድም። ድርጊቱ በተፈጸመበት ዘመን ከተማዋ ትጠራበት የነበረውን ስም ጻፍ፤ የዛሬ ስሟን መጀመሪያ ላይ አንዴ ጠቁምና እለፍ። አንባቢ የሚደናገረው ስሙ መቼና በማን እንደተለወጠ ሳትነግረው ስታልፍ ነው።

ያንተኑ ምሳሌ እንውሰድ። ቦታው ላይ መጀመሪያ የነበረው ቢዛንቲዩም የሚባል የግሪኮች ከተማ ነው። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ አዲስ መዲና አድርጎ በ330 አስመረቃት፤ በስሙም ቁስጥንጥንያ ተባለች። በ381 የተካሄደውን ጉባኤ ሁላችንም የቁስጥንጥንያ ጉባኤ እንለዋለን፣ «የኢስታንቡል ጉባኤ» የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው 1453 ላይ ነው፤ የኦቶማኑ ሱልጣን ዳግማዊ መሐመድ ከተማዋን በያዘ ማግስት ስሟ ኢስታንቡል ሆነ ብለው ይጽፋሉ። ልክ አይደለም። ኦቶማኖች ራሳቸው ሳንቲማቸው ላይ ሳይቀር «ኮንስታንቲኒዬ» እያሉ ለዘመናት ጽፈዋል፣ ኢስታንቡል የሚለው ደግሞ ከ1453 በፊትም በሰው አፍ ላይ ነበረ፣ የቱርክ መንግሥት የውጭ አገር ሰዎችም በዚሁ ስም ብቻ እንዲጠቀሙ የጠየቀው ገና በ1930 ነው። ስለዚህ ስለ ኦቶማን ዘመን ስትጽፍ ሁለቱም ያስኬዱሃል። አንዱን ምረጥና እስከ መጨረሻው ያዘው።

ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ግን ምርጫ የለህም። በ1703 ታላቁ ጴጥሮስ ቆረቆራት። በ1914 ከጀርመን ጋር ጦርነት ሲጀመር ስሟ ጀርመንኛ ይመስላል ተብሎ ፔትሮግራድ ተባለች፣ በ1924 ሌኒን ሲሞት ሌኒንግራድ ሆነች፣ በ1991 ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ የድሮ ስሟ ተመለሰላት። «ታላቁ ጴጥሮስ ሌኒንግራድን ቆረቆረ» የሚል ዓረፍተ ነገር አንብቤ በጣም አዝኛለሁ፤ ሌኒን እኮ ያኔ ገና አልተወለደም! በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለ872 ቀናት ተከባ ብዙ ሕዝቧ በረሃብ ያለቀባትን ከተማ ደግሞ ሌኒንግራድ በላት። ከበባው በዚያ ስም ነው የሚታወቀው።

አንድ የአጻጻፍ ነገር ልጨምርልህ። «የቀድሞዋ ሳይጎን» የሚለውን ሐረግ ተጠንቀቅ። ድሮ ሳይጎን ትባል የነበረችው ማለትህ ነው ወይስ ሳይጎን ድሮ የነበራት ገጽታ? አይለይም። «የዛሬዋ ሆ ቺ ሚን ከተማ፣ እስከ 1976 በይፋ ስሟ ሳይጎን» ብትል ይጠራል። ቶኪዮም እንዲሁ ናት፦ «የዛሬዋ ቶኪዮ እስከ 1868 ድረስ ኤዶ ትባል ነበር።» ከዚህ በኋላ ከ1868 በፊት ያለውን ሁሉ ኤዶ እያልክ ቀጥል፣ ማንም አይጠፋብህም።

ሌላው፣ አማርኛ የራሱ ስም ያለውን ከተማ በእንግሊዝኛ አነባበብ አትጻፍብን። ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 በግብፅ ዳርቻ የመሠረታት ከተማ እስክንድርያ ናት። መሥራቿ ከነስሙ ቁጭ ብሎባታል! አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለችውን «አሌክሳንድሪያ» ብትላት ግን ትክክል ነው፣ እንዲያውም ሁለቱን ለመለየት ይረዳል። ደማስቆን ዳማስከስ፣ አቴናን ኤተንስ የሚሉትም እንዲሁ ቢተዉት ደስ ይለኛል።

ስለ ጾታ ብዙም አትጨነቅ። ከተማን «ተመሠረተች»ም «ተመሠረተ»ም ማለት ይቻላል፤ እኔ «ች»ን እመርጣለሁ። አንዱ አንቀጽ ላይ «ተመሠረተች» ብለህ ቀጥሎ «ተስፋፋ» ካልክ ግን ምን ተስፋፋ ያሰኛል።

ዓመቶቹን አትርሳ። «በ330 ዓ.ም.» ብለህ ስትጽፍ አንባቢ በእኛ አቆጣጠር ይወስደዋል፣ ሰባት ስምንት ዓመትም ይዛነፍበታል። እዚህ የጠቀስኳቸው ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። አንተም ጽሑፍህ መግቢያ ላይ ይህንኑ አንዴ ግለጽ፣ ወይም በየዓመቱ ፊት «እ.ኤ.አ.» አስገባ።