ጠይቁን፦ የሱስንዮስ ግንብ ጎርጎራ ላይ የት ነው ያለው?

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ። ባለፈው ጎርጎራ ሄጄ ደብረ ሲና ማርያምን ተሳለምኩ፤ ወደቡንና የጣሊያኖቹን ሐውልትም አየሁ። ኢየሱሳዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ሠራው የሚባለውን የአፄ ሱስንዮስን ግንብ ግን አጣሁት። ፈርሶ አልቆ ነው?

መልስ፦ አላለቀም፤ እርስዎ የሄዱት አዲሱ ጎርጎራ ነው። ከጎንደር ተነስቶ በቆላ ድባ በኩል ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚደረስባት ይህች ከተማ ወደቧንም ሐውልቷንም ያገኘችው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ደብረ ሲና ግን ከሁሉም ይቀድማል፤ የሚቆጠረው ከአፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ጀምሮ ነው። የሱስንዮስ ጎርጎራ ከዚያ በስተምዕራብ፣ ጣና ውስጥ በገባው ባሕረ ገብ መሬት ላይ ነው። ከወደቡ በሞተር ጀልባ መሄድ ይቀላል። «ማርያም ግንብ» ብለው ይጠይቁ፤ ዋጋውን ደርሶ መልስ አድርገው ይስማሙ።

«ፓኤዝ ሠራው» የሚለው መታረም አለበት። ፓኤዝ በጎርጎራ ለንጉሡ ቤተ መንግሥት፣ ለካቶሊኮቹም ቤተ ክርስቲያን አሠርቷል፤ ነገር ግን ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1622 ነው። በእርሱ ጊዜ ድንጋዩ የሚያያዘው በጭቃ ነበር። ለኖራ የሚሆን ድንጋይ እዚሁ አገር መኖሩን የለየው ከሕንድ የመጣ ሰው ሲሆን፣ ዛሬ ፍርስራሹ የሚታየው ቤተ ክርስቲያን ከዚያ ወዲህ በኖራ የተገነባ ነው። በጭቃ የተያያዘ ግድግዳ ጣሪያው አንዴ ከተከፈተ ክረምቱ አጥቦ ይጥለዋል። ኖራ ግን ድንጋዩ በምድጃ ተቃጥሎ፣ ውሃ ሲነካው እየፈላ ዱቄት ሆኖ፣ ከአሸዋ ጋር ቦክቶ የሚሠራ ነው፤ ከዓመት ዓመት ተመልሶ ወደ ድንጋይነት ይጠጋል። ልዩነቱን በዓይን ማየት ይቻላል። በድንጋዮቹ መሀል ነጣ ያለ፣ ስንጥር የማያስገባ፣ እዚህም እዚያም የሩዝ ፍሬ የሚያካክል ነጭ እንክብል ያለበት ከሆነ ኖራ ነው። መሬት የወደቀ ፍርፋሪ ላይ ሎሚ ጠብ ቢያደርጉበት አረፋ ያወጣል። ግድግዳው ላይ ግን አይሞክሩት፤ ፍርፋሪውንም እዚያው ይተዉት።

ከተማው የተተወው ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1632 የኦርቶዶክስ እምነት እንዲመለስ አውጆ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ከለቀቀ በኋላ ነው። ፋሲል ሚሲዮናውያኑን አስወጣ፤ መናገሻውንም ጎንደር አደረገ።

ለቀረው ግድግዳ ትልቁ ጠላት ከላይ የሚገባው ዝናብና በመጋጠሚያው የሚሰነቀረው የዛፍ ሥር ነው። ሥሩን መንቀል ድንጋዩን ይዞ ይወርዳል፤ ግንዱን ከታች ቆርጦ ሥሩ እዚያው እንዲደርቅ መተው ይሻላል። ስንጥቁን በሲሚንቶ መድፈን ደግሞ ይብሳል፦ ሲሚንቶ ከኖራ ስለሚጠነክርና እርጥበት ስለማያስወጣ፣ ውሃው ውስጥ ታፍኖ አሮጌውን ኖራና ድንጋይ ይበላል። በኖራ የተሠራ በኖራ ይጠገናል።