ለቤዝ የምትሆን ትንሽ ኮምቦ ስለመስራት
ወንድሜ፣ ባለ 10 ኢንች ትንሽ የቤዝ ጊታር ኮምቦ (አምፑና ስፒከሩ በአንድ ሳጥን የሆነ) ራሴ ልስራ ከምን ልጀምር ላልከው፣ ዋቱን ተወውና መጀመሪያ ስፒከሩን ምረጥ፣ ምክንያቱም ወፍራሟ የኢ ክር ክፍቷን ስትመታ ወደ 41 ኸርዝ ነው የምትወርደው፣ የሊድ ጊታር ስፒከር እዛ ጋ ኮኑ (የሚርገበገበው ወረቀቱ) ይንፈራገጣል እንጂ ድምፅ አይወጣውም ቶሎም ይበላሻል። ሳጥኑን ባለ 18 ሚሊ ኮምፔርሳቶ አድርገው፣ ቺፕውድ ይከብዳል እርጥበት ሲነካውም ያብጣል፣ የሳጥኑን የውስጥ ይዘት ደግሞ ከስፒከሩ ጋ በሚመጣው ወረቀት ላይ ካሉት ቁጥሮች አስላ በግምት እንዳትቆርጥ። አምፑ ክላስ ዲ (ኃይል ብዙ የማያባክን ዓይነት) ቦርድ ቢሆን ይሻላል፣ ቀላል ነው ብዙም አይሞቅም፣ ግን በ4 ኦም (የስፒከሩ ተቃውሞ መለኪያ) 300 ዋት የተባለው 8 ኦም ስፒከር ላይ ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ የጊታሩን ደካማ ሲግናል ቀድሞ የሚያጎላ ፕሪአምፕም ለብቻው ያስፈልግሃል።

የኔዋ ሙሉ ዝግ ሳጥን ናት፣ መጀመሪያ ወፍራሙን ክር በመታሁ ቁጥር ፍስስ ትል ነበር፣ እኔማ ስፒከሩ ሞተ ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር፣ ጧፍ ለኩሼ ዙሪያውን ሳስጠጋ የገመዱ መሰኪያ ጃክ ጋ ነበልባሉ ተርገበገበ፣ ለካ አየር ታስወጣለች፣ በሲሊከን ደፈንኳት አለቀ። ፓወር ሰፕላዩን ግን 220 ቮልት ስለሆነ ኤሌክትሪሻን ሳያየው እንዳትሰካ፣ ግራውንዱን ከአምፑ የብረት ቤት ጋ ማሰር እንዳትረሳ። ባለ 4 ክር ነው ባለ 5 የምትጫወተው?