ቃለ ጉባኤ ለምትይዙ ልጆቼ

ባለፈው ሰሞን አንዲት የጎረቤት ልጅ እዚሁ ደሴ ሥራ ተቀጠረች። ልመርቃት ስሄድ ፊቷ ጠቁሯል። "አባባ፣ ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ስብሰባ ጥግ ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ ልጽፍ ነው?" አለችኝ። አብሽሪ ልጄ፣ አልኳት። ይህን የምጽፈው ለእሷም፣ እንደ እሷ ለከፋችሁም ነው።

እኔ በ1967 ዓ.ም. መዝገብ ቤት ገባሁ። ገቢና ወጪ ደብዳቤ ከመመዝገብ ተነስቼ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። ስለዚህ ሥራው ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

በአገራችን ብዕር የሚይዝ ሰው ትንሽ ሰው ሆኖ አያውቅም። ጸሐፌ ትእዛዝ የንጉሡን ቃል ወደ ወረቀት ይለውጥ፣ ማኅተሙንም ይጠብቅ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጽሕፈት ሚኒስቴር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። የተሾሙበትም የንጉሡን ታሪክ የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ናቸው። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ ሲጀመርም የሚወጣው በዚሁ መሥሪያ ቤት በኩል ነበር። ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ የመሳፍንት ልጅ አልነበሩም። ግን እስከ 1947 ዓ.ም. ድረስ ከብዙ ባለ ትልቅ ስም ሹማምንት በላይ ተፈርተው ኖረዋል። ወደ ንጉሡ የሚወጣውም ከንጉሡ የሚወርደውም ወረቀት በእጃቸው ያልፍ ነበርና።

ይህን እንደ ሙገሳ ብቻ አትውሰዱት። ጸሐፊው ራሱ ወሳኝ ሲሆን ወረቀቱን የሚያይ ሌላ ዓይን ይጠፋል። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትርነቱንም ደርበው ይዘውት ነበር። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ሰው እጅ መሆናቸው ደግ አልነበረም ብዬ አምናለሁ።

እንግሊዞች በሌላ መንገድ ሄዱ። የሚገርመው፣ እነሱም እስከ እ.ኤ.አ. 1916 ድረስ የካቢኔ ስብሰባቸው ቃለ ጉባኤ አልነበረውም። ሚኒስትሮቹ ይነጋገራሉ፣ ይወጣሉ፤ ከዚያ ምን እንደተወሰነ ይምታታባቸዋል። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጥቶ ነገሩ ሲጠብቅ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሎይድ ጆርጅ፣ ሞሪስ ሃንኪ የሚባል የጦር መኮንን አስቀመጡና "ጻፍ" አሉት። የካቢኔ ጸሐፊ የሚባለው ሹመት እንዲህ ተጀመረ፤ በኋላም የመንግሥት ሠራተኛው ሁሉ የበላይ ወንበር ለመሆን በቃ። ሃንኪ 22 ዓመት ሠራ፤ አምስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ተፈራርቀውበታል። እ.ኤ.አ. ከ1916 እስከ 1973 ባሉት 57 ዓመታት ወንበሩን የያዙት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። ፓርቲ ይገባል፣ ፓርቲ ይወጣል፤ ጸሐፊው እዚያው ነው። አይመረጥም፣ አይወስንም። የተወሰነውን ይጽፋል፣ መፈጸሙንም ይከታተላል።

እዚያ ማን ምን እንዳለ ብዙም አይጻፍም። ሚኒስትሮቹ ለውሳኔው በጋራ ስለሚጠየቁ ነው። እኛ ጋ ግን ሰው የሚጠየቀው በፊርማው ነው። ስለዚህ የልዩነት ሐሳብ ከነባለቤቱ ስም ይመዝገብ። ለምን እንዲህ እንደምል ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ 1965 እና 1966 ዓ.ም. ላውራ። የወሎ ልጅ ይህን መዝለል አይችልም። በደሴ መንገድ ላይ የተራበ ሰው ተኝቶ በዓይኔ አይቻለሁ። አዲስ አበባ ግን ረሃቡ ለወራት ተደብቆ ቆየ። ያኔ ወጣት ስለነበርኩ፣ ይህን የሚያህል ነገር እንዴት ይደበቃል እያልኩ እናደድ ነበር። ቢሮ ገብቼ ስሠራ ገባኝ። አንድ ወረቀት ወደ ላይ ሲወጣ በየጠረጴዛው ይለሳለሳል። "ሰው እየሞተ ነው" የሚለው "የእህል እጥረት አለ" ይሆናል። ቀጥሎ "መጠነኛ ችግር ታይቷል" ይሆናል። ማንም ሙሉ ውሸት አልጻፈም። እያንዳንዱ አንዲት ቃል ብቻ ነው የቀየረው።

እኔም ቀይሬያለሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ልተወው። አንድ የግዢ ኮሚቴ ላይ ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ባልደረባችን "ይህ ግዢ መመሪያውን ይጥሳል፣ አልስማማም" ብሎ ተናገረ፤ ጻፍኩት። ከስብሰባው በኋላ የበላዬ ጠራኝና "ያቺን መስመር አውጣትና እንደገና አስተይበው" አለኝ። አወጣኋት። ያ ሰው እኛን ስላመነ ሳያነብ ፈረመ። በኋላ ኦዲተር መጣ፣ ጥፋቱ ወጣ፣ እሱም ከሌሎቹ እኩል ተቀጣ። ከደረጃው ዝቅ ተደረገ። "ተቃውሜ ነበር" ቢል ወረቀት የለውም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ቃለ ጉባኤውን በዚያው ቀን አንብባችሁ አስፈርሙ። ለነገ አታሳድሩት። ምን ተወሰነ፣ ማን ይፈጽመዋል፣ እስከ መቼ የሚለው ይኑርበት። በየገጹ ቁጥርና ፊርማ ይደረግ። በቃል ስትታዘዙ አትጋጩ። ወንበራችሁ ላይ ተመልሳችሁ "ዛሬ በቃል በታዘዝኩት መሠረት" ብላችሁ ማስታወሻ ጻፉና ለአዛዡ በአድራሻ ስጡት። ትእዛዙ ትክክል ካልሆነ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። እኔ ይህን ዘዴ የተማርኩት ዘግይቼ ነው።

ያን ባልደረባዬን ከዓመታት በኋላ ፒያሳ አገኘሁት። ሻይ ጋበዘኝ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጦሳ ተራራ ብርድ አወራን። ስለዚያች መስመር ልነግረው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። አሁን በሕይወት የለም።