ከውሻዬ ጋር ስሄድ ጅብ ገጠመኝ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ፣ ውሻዬን ይዤ በባሕር ዛፉ መካከል በሚያልፈው የእግር መንገድ መሄድ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ እስካሁንም የጅብ ጩኸት ከሩቅ ከመስማት በቀር የገጠመኝ ነገር አልነበረም። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ግን ሁለት ጊዜ አየኋቸው። ባለፈው ማክሰኞ ሦስት ሆነው ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ከፊቴ ቆሙ። ውሻዬ እየጮኸ ገመዱን ሲጎትት ደንግጬ ለቀቅኩትና ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጀርባው ላይ ተነክሶ ተመለሰ፤ ቁስሉንም በባዶ እጄ በውኃ አጠብኩለት። የመጨረሻ ክትባቱን ከወሰደ ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖታል። ጎረቤቶቼ «መልቀቅህ ደግ አደረግህ፤ ውሻው ያባርርልሃል፤ 22 ኪሎ የሚመዝን ጠንካራ ውሻ እኮ ነው» ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ? ጅቦቹስ ለምን አሁን በዙብን?

መልስ፦ ከመንገዱ በፊት ስለ ቁስሉ እንነጋገር፤ የሚቸኩለው እሱ ነውና። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ ውሻን ቢጠራም ጅብን፣ ቀበሮንና ሌሎች አጥቢ እንስሳትን ሁሉ ይይዛል፤ የሚተላለፈውም በምራቅ ነው። የነከሰው ጅብ በሽታው ይኑርበት አይኑርበት ለማወቅ መንገድ ስለሌለን እንዳለበት ቆጥረን መነሣት ይገባናል። ውሻዎን ዛሬውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት፤ ሐኪሙ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ አጥቦ ክትባቱን ይደግምለታል፣ ከሰውና ከሌሎች እንስሳት ተለይቶ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይም ይወስናል። የበሽታው ምልክት በውሻ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ3 ሳምንት እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ የሚታይ ሲሆን ከዚያ ሊቀድምም ሊዘገይም ስለሚችል፣ ቁስሉ ደረቀ ብለው ክትትሉን እንዳያቋርጡ አደራ እላለሁ።

እርስዎም የጅብ ምራቅ የነካውን ቁስል በባዶ እጅ አጥበዋል። እጅዎ ላይ ትንሽም ብትሆን ጭረት ከነበረች፣ ወይም ውሻው ከዚያ ወዲህ ቧጭሮዎት ከሆነ፣ ለሁለተኛ ቀን ሳያሳድሩ ወደ ጤና ተቋም ሄደው የሆነውን ሁሉ ይንገሩ። ወደፊትም እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም የተነካውን የሰውነት ክፍል ለ15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ማጠብ የመጀመሪያው ተግባር ነው። ክትባቱ ሕይወት የሚያተርፈው ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ሲሰጥ ብቻ ነው፤ ምልክት ካሳየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ለማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ጎረቤቶችዎ ምክር ልመለስ። በቅን ልቡና የተሰጠ መሆኑን ባልጠራጠርም ፈጽሞ አልቀበለውም። አንድ ጅብ የውሻ ጩኸት ሲሰማ የሚያፈገፍገው ብዙውን ጊዜ ከውሻው ጀርባ ሰው እንዳለ ስለለመደ ነው። ውሻው ተለቅቆ ብቻውን ሲሮጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። በአገራችን ከተሞች ዙሪያ የሚኖረው ባለ ነጠብጣቡ ጅብ ሲሆን፣ አንዱ ከ45 እስከ 80 ኪሎ ይመዝናል፣ ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች፣ መንጋውንም የምትመራው እርሷ ናት። ሲሮጥ በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ መንጋጋው የከብት አጥንት ይሰባብራል። ሦስት እንዲህ ያሉ አውሬዎች ፊት 22 ኪሎ የሚመዝን ውሻ መልቀቅ ለእነርሱ አሳልፎ መስጠት ነው። ከዚህም ሌላ፣ ፍርሃት የያዘው ውሻ የሚሸሸው ወደ ጌታው ስለሆነ የሚያሳድዱትን ጅቦች ይዞልዎት ሊመጣ ይችላል። ውሻዎ ተርፎ መመለሱ እጅግ ያስደስታል፤ ሁለተኛ ጊዜ እንደዚያ ይሆናል ብለው ግን አይተማመኑበት።

«ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» የሚባለውን ያውቁታል። የኋላ እግሮቹ ከፊተኞቹ ስለሚያጥሩ ሲራመድ አንካሳ ይመስላል፤ ብዙ ሰውም በዚህ አካሄዱ ተታልሎ ይንቀዋል፣ ወይም እርስዎ እንዳደረጉት በድንጋጤ ይሮጣል። ሁለቱም ያሳስታሉ። ጅብ የሚሸሸውን ያሳድዳል፤ ቆሞ የሚያየውን ሰው ግን ከተማ ዙሪያ ያደገ ጅብ እንኳ ይፈራል። ስለዚህ ሲያጋጥምዎ ይቁሙ፣ ገመዱን አሳጥረው ውሻውን ከጎንዎ ያድርጉ፣ ፊትዎን ከጅቦቹ ሳያዞሩ ባትሪዎን ዓይናቸው ላይ ያብሩ፣ ዱላዎን ከፍ አድርገው በወፍራም ድምፅ ይጩኹባቸው። ከዚያ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ ቀስ ብለው ወደ ቤቶችና ወደ መብራት ይቅረቡ። ድንጋይ ለማንሣት ረጅም ጊዜ አያጎንብሱ፤ አንድ ሁለት ድንጋይ ከቤት ሲወጡ ኪስ ውስጥ መያዝ ይሻላል። ገመዱም ጠንካራ፣ ከሁለት ሜትር የማይበልጥ ይሁን።

«ለምን አሁን?» ላሉት፣ በደብዳቤዎ ላይ «ሁዳዴ ከገባ ወዲህ» ብለው መልሱን ራሳቸው እጆችዎ ጽፈውታል። በትግራይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በጅብ ኩስ ውስጥ የተገኘውን ጠጉር መርምሮ ነበር። ከጾሙ በፊት የአህያ ጠጉር የተገኘው በ14.8 በመቶው ኩስ ውስጥ ሲሆን በጾሙ ወቅት ወደ 33.1 በመቶ ከፍ ብሏል። ለ55 ቀናት ሥጋ ቤቶች ሲዘጉና የቤቶች እርድ ሲቆም አጥንትና ትራፊ ይጠፋል፤ ጅብም ያን ጊዜ በሕይወት ያለ የቤት እንስሳ ፍለጋ ይወጣል። ጥናቱ የተሠራው አዲስ አበባ ላይ ባይሆንም፣ በእንጦጦ ጫፍና በወንዞቹ ሸለቆዎች የሚያድሩት ጅቦች የሚኖሩት በዚያው በእኛው ትራፊ ስለሆነ፣ የእርስዎም ሰፈር ጉዳይ ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። እስከ ፋሲካ፣ ከዚያም በኋላ ጥቂት ሳምንታት፣ የሌሊቱን ጉዞ ትተው ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ቢወጡ ከሁሉ የሚበልጠው ጥበቃ ይህ ነው። ሥራዎ የማይፈቅድልዎ ከሆነ በዋናው አስፋልት ዳር ይሂዱ እንጂ ጫካ ውስጥ አይግቡ። መንገድ ላይ፣ ጅቡ አጥንት ከመብላቱ የተነሣ እንደ ኖራ የነጣ ኩስ ካዩ መተላለፊያቸው ነውና ይመለሱ፤ ውሻዎም በገደል አፋፍ ያለ ጉድጓድ እንዲያሸት አይፍቀዱለት፤ ግልገል ያላት እናት ልትኖርበት ትችላለች።

አንዳንድ ሰዎች በዚህ ወቅት የተመረዘ ሥጋ መጣል ይጀምራሉ። እባክዎ በሰፈርዎ ይህን የሚያስብ ካለ ይከላከሉ። መርዙ መጀመሪያ የሚገድለው የጎረቤትን ውሻ ነው፤ በተጨማሪም ጅብ የሚሠራልን ሥራ ቀላል አይደለም። በመቀሌ የተደረገ ጥናት ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት ሬሳ እንደሚበሉ፣ በዚህም አባሰንጋንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን እንደሚቀንሱ አሳይቷል። ሰው ሲያይ የማይሸሽ፣ በቀን ብርሃን እየተንገዳገደ የሚዞር ጅብ ካያችሁ ግን ታሞ ሊሆን ስለሚችል ማንም ሳይቀርበው ለወረዳው አስተዳደር ወይም ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አሳውቁ።

ጥያቄ፦ እኛ ደግሞ ጅቦቹ ውሻችንን እንዳይነኩ ማታ ማታ ከአጥሩ ውጭ አጥንት እንጥልላቸዋለን። ሐረር ላይ እየተመገቡ ከሰው ጋር በሰላም ይኖሩ የለም ወይ?

መልስ፦ የሐረሩ ነገር በአጥር ዳር አጥንት ከመጣል ጋር አንድ አይደለም። እዚያ የሚመግቡት ልማዱን የያዙ ሰዎች ናቸው፤ ምግቡ የሚሰጠው በታወቀ ቦታና በታወቀ ሰዓት፣ ከቤቶች ወጣ ብሎ ነው፤ የጀጎል ግንብም ጅብ የሚገባበት የራሱ ቀዳዳ ከጥንት ጀምሮ አለው። እናንተ ግን ጅቡን የምታስተምሩት ምግብ ያለው ውሻው ከታሰረበት አጥር ሥር እንደሆነ ነው። አጥንት ያላገኘበት ሌሊት ሲመጣ እዚያው ይጠብቃል፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚያየው ውሻችሁን ነው። መጣሉን ዛሬ አቁሙ፣ ትራፊውን ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጣችሁ ቆሻሻ የሚሰበስቡት በሚመጡበት ጠዋት ብቻ አውጡት፣ የውሻውንም ሳህን ማታ ወደ ውስጥ አስገቡ። ከለመዱበት ቦታ ወዲያው ስለማይቀሩም ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ያህል ውሻው በር በተዘጋበት ቤት ውስጥ ይደር።