ማይክሮሜትሩ ልክ ነው ሲል ሻፍቱ ለምን አይገባም? የቶርኖ ቤት ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከኮምቦልቻና ከደሴ የደረሱን ጥያቄዎች የሚያጠነጥኑት በሻፍት (በሚሽከረከር ክብ ዘንግ) እና በቀዳዳ መገጣጠም ላይ ነው። ልኮቹ ሁሉ በሚሊ ሜትር ናቸው።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ድሮይንጉ (የሥራ ንድፉ) ለቡሺንጉ፣ ማለትም ሻፍቱ ለሚገባበት ቱቦ፣ ቀዳዳ 25 ትልቁ ኤች 7፣ ለሻፍቱ 25 ትንሹ ጂ 6 ይላል። ሻፍቱን አምስት ቦታ ለካሁት፤ 24.990 ነው። ቀዳዳው 25.004 ነው። ቡሺንጉ 80 ርዝመት አለው። ሻፍቱ እስከ ግማሽ ይገባና ይነክሳል። የቱ ጋ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ አለካክዎ ላይ ስህተት የለም። ኤች 7 እና ጂ 6 የሚፈቀደውን የልክ ወሰን የሚጠቁሙ ኮዶች ናቸው፤ ሠንጠረዣቸው ለቀዳዳው ከ25.000 እስከ 25.021፣ ለሻፍቱ ከ24.980 እስከ 24.993 ይፈቅዳል። የእርስዎ ሁለቱም ውስጥ ናቸው፤ 0.014 ክፍተትም አለ። ነገር ግን ማይክሮሜትር የሚያውቀው በሁለት ጫፎቹ መካከል ያለውን ውፍረት ብቻ ነው። ሻፍቱ በዚያ 80 ርዝመት ላይ 0.02 ቢጎብጥ በየቦታው 24.990 እንደተባለ ይቀራል፤ ለቀዳዳው ግን 25.010 ሆኖ ይመጣበታል። ግማሽ ድረስ መግባቱም ለዚህ ነው፤ አጭር ርዝመት ላይ ጉብጠቱ ገና አይሰማም።

ሌላው ተጠርጣሪ ቡሺንጉ ነው። ግድግዳው ስስ ከሆነ ባለ ሦስት መንጋጋ ቸክ (የቶርኖው መያዣ) ጨምቆ ያዛባዋል። ተጨምቆ ሳለ ክብ ሆኖ ይቦረቦራል፤ ሲለቀቅ ሦስት ጉብታ ያወጣል። በሁለት ነጥብ የሚለካ መሣሪያ ይህን አያይም፣ ባለ ሦስት ነጥብ ቦር ጌጅ (የቀዳዳ መለኪያ) ግን ያየዋል። ሻፍቱም እንዲህ ተዛብቶ ከሆነ 90 ዲግሪ ቪ ብሎክ (የቪ ቅርጽ ማስቀመጫ) ላይ አስቀምጠው ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን ልዩነት የሚያሳይ ባለ ቀስት መለኪያ) ያስጠጉና ያዙሩት፤ የሦስት ጉብታ መዛባትን እጥፍ አድርጎ ያሳይዎታል።

ድሮይንጉ የትኛውን ደረጃ እንደሚከተልም ይመልከቱ። በአሜሪካው ኤ ኤስ ኤም ኢ ዋይ 14.5 የመጠን ወሰኑ ቅርጹንም ይገዛል፤ ሻፍቱ ትልቁ ልኩ ላይ ሲደርስ ፍጹም ቀጥ ማለት አለበት። በዓለም አቀፉ አይ ኤስ ኦ ግን መጠንና ቅርጽ ለየብቻ ናቸው፤ አንድ እንዲሆኑ ከልኩ ጎን በክብ ውስጥ ኢ መጻፍ አለበት። ይህች ኢ ወይም ሌላ የቅርጽ ወሰን ከሌለ የጎበጠውን ሻፍት «ልክ አይደለም» ብሎ የሚመልስ ሕግ የለም! በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ደግሞ ያቀጥነዋል እንጂ አያቀናውም።

ጥያቄ (ደሴ)፦ ባለ ደረጃ ሻፍት ላይ «ኮንሰንትሪሲቲ 0.02» (የማዕከሎች መገጣጠም ወሰን) ተጽፎልኛል። በሁለት ሴንተር (ጫፎቹን በሚይዙ ሹል መደገፊያዎች) መካከል አስሬ በዳያል ጌጅ ብለካው ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ኩሽኔታው (ቤሪንጉ) የሚቀመጠው መቀመጫው ላይ ነው እንጂ የሴንተር ቀዳዳው ላይ አይደለም፤ ሴንተሩ ከመቀመጫው ጋር ካልተስማማ ጥሩ ንባብ አይተው መጥፎ ሻፍት ያስረክባሉ። ሁለቱን የኩሽኔታ መቀመጫዎች ኤ እና ቢ ብለው፣ ሁለት እኩል ቪ ብሎክ ላይ ያሳርፏቸው። ሻፍቱ ወደ ጎን እንዳይሸሽ አንዱን ጫፍ መደገፊያ ያስይዙት፤ ከዚያ አንድ ሙሉ ዙር ያዙሩ። ክብነቱ ደህና ከሆነና 0.03 ካነበቡ ማዕከሉ የሸሸው በ0.015 ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ቁጥር አንድ ያደርጋቸዋል።

ድሮይንጉ የሚስተካከል ከሆነ «ራንአውት ከኤ-ቢ አንጻር» (ሲዞር ዳያል ጌጁ የሚያሳየው ልዩነት) ቢባል ይሻላል። ኮንሰንትሪሲቲ በአሜሪካው ደረጃ ከ2018 እትም ወጥቷል፤ በአይ ኤስ ኦ ግን አለ። ሥራው ላይ ደግሞ መቀመጫዎቹን ሳይፈቱ በአንድ አያያዝ ይጨርሱ። ገልብጠው የግድ መያዝ ካለብዎት ባለ አራት መንጋጋ ቸክና ዳያል ጌጅ ይጠቀሙ።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ኮምቦልቻ የቦረቦርኩት ቀዳዳ ደሴ ሲደርስ ጠበበ ተባልኩ። ብርዱ ነው?

መልስ፦ ደሴን አይውቀሱ። ሻፍቱም ቀዳዳውም ብረት ከሆኑ አብረው ይሰበሰባሉ። ምናልባት የለኩት ከቶርኖ እንደወረደ፣ በትኩሱ ይሆናል። የመለኪያው ሙቀት 20 ዲግሪ ነው፤ 25 ዲያሜትር ያለው ብረት 45 ዲግሪ ላይ 0.007 ያህል ይሰፋል። በትኩሱ 25.003 ያነበቡት ቀዳዳ ሲበርድ 24.996 ሆኖ ከወሰኑ ወረደ ማለት ነው። ነሐስ ከሆነ ወደ 0.011 ይጠጋል። ይብረድ፣ ከዚያ ይለኩ።

ጥያቄ (ደሴ)፦ ፍላንጅ ላይ የአራት ብሎን ቀዳዳ፣ ከ10.5 እስከ 10.7፣ ፖዚሽን (የቦታ ወሰን) 0.2፣ ከጎኑም በክብ ውስጥ ኤም። ኤሟ ምን ታደርጋለች?

መልስ፦ ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር የቦታ ስህተት ትጨምርልዎታለች። 10.5 ከሆነ 0.2፣ 10.7 ከሆነ 0.4 ይፈቀዳል። በመስፈሪያ ለመፈተሽ ትክክለኛ ቦታቸው ላይ የቆሙ አራት 10.3 ፒን ያለው ጌጅ ይሥሩ፤ ካለፈ አለፈ፣ መጠኑን ግን ለብቻ ይለኩ። ለብሎን መልካም ናት። የኩሽኔታ ቀዳዳ ላይ ግን አይጻፏት፤ እዚያ መስፋቱ የማዕከሉን መሸሽ አይክስም፣ ሻፍቱ ጊር ከተሸከመም የጊሩ ጥርሶች ይላተማሉ።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ በፕሬስ ያስገባሁት ቡሺንግ ውስጡ ጠበበ።

መልስ፦ ይጠብባል። ውስጡን ትርፍ ትተው ያስገቡ፤ ከገባ በኋላ በሪመር (ቀዳዳ በልኩ በሚጨርስ መሣሪያ) ይጨርሱት።