«ሽርሽር ነው ወይስ ወታደር ቤት?»

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ኦገስት 9 ተነስተን ለአንድ ሳምንት ኦርላንዶ፣ ዲዝኒ ወርልድ የሚባለው መዝናኛ እንሄዳለን። የ8 ዓመት ወንድና የ4 ዓመት ሴት ልጅ አሉን። አማቴም አብረውን ናቸው። ምግብ ቤቶቹ ቶሎ ስለሚሞሉ 60 ቀን ሲቀረው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስቼ 11 ቦታ ያዝኩ። ባለቤቴ ዝርዝሩን አይቶ «ሽርሽር ነው ወይስ ወታደር ቤት? ሲርበን እንበላለን» አለኝ። አማቴ ደግሞ «ለኔ አትጨነቁ፣ በሶዬን ይዣለሁ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ተኮራርፈናል። ለነሱ ብዬ ደክሜ ጥፋተኛ ሆንኩ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ድካምሽ ይታየኛል። ባለቤትሽ ያየው ዝርዝሩን ነው። ከዝርዝሩ በፊት የነበረውን አላየም። በየትኛው ቀን የትኛው ፓርክ እንደምትሄዱ፣ ትንሿ ስንት ሰዓት ላይ መነጫነጭ እንደምትጀምር፣ የትኛው ቤት የልጅ ምግብ እንዳለው፣ ይህን ሁሉ በጭንቅላትሽ ይዘሽ ስትዞሪ ከርመሻል።

አሊሰን ዳሚንገር የተባለች የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ በ2019 ባሳተመችው ጥናት 35 ጥንዶችን አነጋግራ ይህን የሐሳብ ሥራ በአራት ከፍላዋለች፤ ምን እንደሚያስፈልግ ቀድሞ ማሰብ፣ አማራጭ መፈለግ፣ መወሰንና መከታተል። ውሳኔው ላይ ሁለቱም ይገኛሉ። ቀድሞ ማሰቡና መከታተሉ ግን በብዛት ሴቷ ላይ ይወድቃል። «ሲርበን እንበላለን» የሚለውም ቀላል የሚመስለው ለዚህ ነው። ቀትር ላይ፣ በፍሎሪዳ የኦገስት ሙቀት ትንሿ መሬት ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ምግብ ፍለጋ የሚሮጠው ማን ነው? ባለቤትሽን ይህን ጠይቂው። በንዴት ሳይሆን መልሱን ለማወቅ ፈልገሽ ጠይቂው።

የሱም ቅሬታ ግን እውነት አለው። 11 ቦታ ለ7 ቀን ብዙ ነው። ተቀምጠው የሚበሉት አንድ ምግብ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ግቢው ራሱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአራቱ ፓርኮች ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ አውቶቡስ መጠበቅ አለ። ልጅ ይዞ በቀጠሮ መሮጥ ደግሞ እረፍት አይደለም። ባለቤትሽ የጠላው ምግቡን አይመስለኝም። እሱ ሳይጠየቅ ሳምንቱ ተወስኖ ማለቁ ነው የከበደው።

ከሁሉ በላይ ያሳሰቡኝ ግን አማትሽ ናቸው። የጉዟችሁን ቀን ልብ ብለሽዋል? ፍልሰታ ኦገስት 7 ገብቶ 22 ይፈታል። ሙሉ ሳምንቱ ጾም ነው። ከያዝሻቸው ቦታዎች ምናልባት የጠዋት ቡፌ ይኖርበት ይሆናል። እስቲ ጠረጴዛውን በዓይነ ሕሊናሽ እይው። ሚኪ ማውስ እየዞረ ፎቶ ይነሳል፣ ልጆቹ እንቁላል ይበላሉ፣ አጠገባቸው ቤከን አለ። እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ባዶ ሳህን ፊት ተቀምጠዋል። ሒሳቡ ደግሞ በነፍስ ወከፍ ነው።

«ለኔ አትጨነቁ» የእናቶቻችን ቋንቋ ነው። አንዳንዴ የምር ነው። ብዙ ጊዜ ግን «ሳታስቡኝ ወሰናችሁ፣ ግን አላስቸግራችሁም» ማለት ነው። ይሉኝታ አፍ አውጥቶ አይናገርም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቡናው ላይ ጠጋ ብለሽ ጠይቂያቸው፦ «እማዬ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው እህል የሚቀምሱት? ውሃስ እስከዚያ አይጠጡም?» ይህ ለጤናቸውም ያስፈልጋል። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ በዚያ ፀሐይ ከጠዋት ጀምሮ መንከራተት አይችሉም። ጠዋት ሆቴል አርፈው ከሰዓት በኋላ ቢቀላቀሏችሁ ይሻላል።

ከዚያ ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ ዝርዝሩን ቁረጡት። በአብዛኛዎቹ ቤቶች ከቀጠሮው ሁለት ሰዓት በፊት ከተሰረዘ ቅጣት የለውም፤ ካለፈ ግን በሰው 10 ዶላር ነው። እኔ ብሆን ሦስት አስቀር ነበር። አንዱን ልጆቹ ይምረጡ። አንዱን ባለቤትሽ ይምረጥ፤ ሰዓቱንም እሱ ይከታተል፣ አንቺ አታስታውሺው። ይህ ይከብድሻል፣ አውቃለሁ። ቢረሳውም ተይው፣ ፒዛ ትበላላችሁ። ሦስተኛው የአማትሽ ነው፣ እራት ላይ። ሲያስተናግዷችሁ «ቪጋን» ብላችሁ ንገሯቸው፤ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበትን ለይተው ይነግሯችኋል። አኒማል ኪንግደም ሎጅ ውስጥ ያለው ቦማ የተባለው ቡፌ አትክልትና ጥራጥሬ አለው። ወይም አንድ ማታ ከግቢው ወጥታችሁ ኦርላንዶ ከተማ ያለ የሀበሻ ቤት ሄዳችሁ የጾም በያይነቱ ብሉ።

ለቀረው በቦርሳ ያዙ። ዲዝኒ ምግብ ይዞ መግባት አይከለክልም፤ መስታወት ዕቃና አልኮል ግን አይገባም። በሶውና ቆሎው ያለ ችግር ያልፋል። ለትልቁ ልጅ ኃላፊነት ስጪው፤ ከአያቱ ጋር ቆሎውን በትንንሽ ከረጢት ይሙላ፣ በሶውን እንዴት እንደሚበጠብጡት ይማር።

ለባለቤትሽ የምትይው ቢጠፋሽ በዚህ ጀምሪ፦ «ሳልጠይቅህ ያዝኩ፣ አጠፋሁ። ግን ሁሉንም ብቻዬን ማሰብ ደክሞኛል።» ሁለቱንም አብረሽ ተናገሪ። የመጀመሪያውን ብቻ ካልሽ ድካምሽ እንደ ጥፋት ብቻ ይቀራል፤ ሁለተኛውን ብቻ ካልሽ ወቀሳ ይመስለዋል። ተናግረሽ ስትጨርሺ ስልክሽን ስጪውና የሚሰረዙትን እሱ ይሰርዝ።