ለቪትዟ እህታችን፦ መብራቱን ፍቀሽ ሳትቀቢው እንዳትተዪ

እህታችን ከኮምቦልቻ ትናንት የጠየቀችው ይህ ነው፦ «የቪትዜ የፊት መብራት ቢጫ ሆኖ ደብዝዟል። ቤት ውስጥ በጥርስ ሳሙና ይጸዳል ወይስ አዲስ ልግዛ?» ከሥር የተሰጡትን መልሶች በሙሉ አነበብኩ። አንዱ ሎሚ ብሏል፣ አንዱ የጥርስ ሳሙና፣ ሌላው ደግሞ «በቤንዚን ወልውዪው» ብሏል። ይህን የመጨረሻውን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። የሚያስከፍለውን ዋጋ ከኪሴ ከፍዬ አውቀዋለሁ።

አብሽሪ እህቴ፣ አዲስ አትገዢም። እኔም የምነዳው የ2003 ሞዴል ቪትዝ ነው። ደሴ አስተምራለሁ፣ ቤተሰቦቼ ኮምቦልቻ ናቸው፤ በመካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እወጣዋለሁ እወርደዋለሁ። ያንቺ መብራት የደረሰበት ሁሉ በእኔው ላይ ስለደረሰ መኪናሽን ያየሁት ያህል ነው የምጽፍልሽ።

1. የጥርስ ሳሙናውን ለጥርስሽ ተዪው። እኔ ሞክሬዋለሁ። ቅዳሜ አሸሁት፣ እሑድ አበራ፣ ጎረቤትም አደነቀ፤ ወር ሳይሞላው ወደ ነበረበት ተመለሰ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ መስታወት እያልን እንጠራዋለን እንጂ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ፋብሪካው ከላዩ ፀሐይን የሚከላከል ስስና ጠንካራ ሽፋን ይቀባዋል። ቢጫ የሚሆነውና የሚላጠው መጀመሪያ ያ ሽፋን ነው። የጥርስ ሳሙና ላይ ላዩን ያሻሽላል፣ የጠፋውን ሽፋን ግን አይመልስም። እኛ አገር ደግሞ ፀሐዩ ይብሳል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ኮምቦልቻም ቆላ መሰለችን እንጂ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። የእኔ መኪና ከጠዋት እስከ ማታ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አፍንጫዋን ለፀሐይ ሰጥታ ነው የምትውለው።

2. ቤንዚን፣ ቲነር፣ አሴቶን ወይም የትንኝ መከላከያ ቅባት አታስነኪው። ለጊዜው እንደ አዲስ ያበራሉ፤ የሚያበሩት ግን ፕላስቲኩን እያቀለጡ ነው። እዚህ ላይ ታሪኩን ካልነገርኩሽ ቀላል ነገር ይመስልሻል።

ቀን ቀን ስለምነዳ መብራቱን ለረጅም ጊዜ ችላ ብዬው ነበር። በአንድ የነሐሴ ምሽት ግን ከደሴ አምሽቼ ወጣሁ። ሐረጎ ላይ ጭጋጉ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል። ረጅሙን መብራት ሳበራ ፊቴ ነጭ ግድግዳ ቆመ፤ አጭሩን ሳደርግ የመንገዱ ጠርዝ ጠፋ። የደበዘዘ መብራት ብርሃኑን ወደፊት አይወረውርም፣ እዚያው ይበትነዋል። ኩርባው ላይ ሁለት አህያ የሚነዱ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሽቅብ ይመጣሉ፤ መኖራቸውን ያወቅሁት የፊተኛዋ አህያ ዓይን ሲያብረቀርቅ ነው። ፍሬን ይዤ ቆምኩ። በመካከላችን የቀረው የአንድ መኪና ርዝመት አይሆንም። ሽማግሌው በመስኮቴ በኩል ሲያልፉ «አላህ ይጠብቅህ ልጄ» አሉኝ። እኔ መሪውን ለቅቄ እጄ መንቀጥቀጡን እስኪተው ጠበቅሁ።

በማግሥቱ ነው የጥርስ ሳሙናውን የገዛሁት። ትንሽ ቆይቶ ቦሎ የማሳድስበት ጊዜ ደረሰና ወደ ዓመታዊ ምርመራ ሄድኩ። ከማለዳው 12 ሰዓት ተሰልፌ ተራዬ የደረሰው ከምሳ በኋላ ነው። መርማሪው መብራቱን በጣቱ መታ መታ አደረገና «ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ። መምህር ነኝ አልኩት። «መምህር ከሆንክ መብራት ማለት የሚያበራ ነገር መሆኑን ማወቅ ነበረብህ፤ ሂድና ቀይረህ ና» ብሎ ወረቀቱን በመስኮት ወረወረልኝ። መብራቱ ደካማ ነው ብሎ ቢመልሰኝ ቅር አይለኝም፣ እውነቱን ነው። ከተማሪዎቼ ወላጆች ፊት እንዲያ መናገሩ ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ምን ያህል እንደጎደለ፣ ምን ባደርግ እንደሚያልፍ አንድ ቃል አልነገረኝም።

በንዴት ከዚያው ተነሥቼ መጀመሪያ ያገኘሁት ጋራዥ ገባሁ። ልጁ «አምስት ደቂቃ ነው» አለና ጨርቅ በቲነር ነክሮ ግራውን መብራት ወለወለው። በእርግጥም በአምስት ደቂቃ ጥርት አለ። ቀኙን ሊጀምር ሲል ቲነሩ አለቀበት፤ ነገ ና አለኝ፣ እኔም ከፍዬ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ግራውን ሳየው ከዳር እስከ ዳር የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ገብቶበታል። ጥፍሬን ባሳልፍበት አይሰማም፣ ስንጥቁ ከውስጥ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ብፍቀው ብፍቀው ያው ነው። እንዲህ የተሰነጣጠቀ ፕላስቲክ መድኃኒት የለውም። መለዋወጫውን ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ በሰው አስመጣሁ፤ ከወር ደመወዜ ከግማሽ በላይ ሄደበት። ቀኙን ያዳነልኝ የቲነሩ ማለቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ያ «ቤንዚን» ያለው ወንድማችን ክፉ አስቦ ባይሆንም ምክሩን ቢያነሣው ደስ ይለኛል።

3. አሁን ወደ ፍቀቱ ልምጣ፣ ይህ በእጅሽ የምትሠሪው ነው። መብራቱን በሳሙና አጥበሽ፣ ዙሪያውን ያለውን ቀለም ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ሁለት ሦስት ጊዜ ደራርበሽ ሸፍኚ። የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 600 ወይም 800፣ ከዚያ 1000፣ ከዚያ 1500 ግዢ። ወረቀቱን ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ባለበት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ፣ መብራቱንም እያረጠብሽ ፍቂ፤ በደረቁ እንዳትነኪው። መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ እርድ የተበጠበጠበት ይመስላል። ያ ቢጫ የተቃጠለው ሽፋን ነው። ውሃው ነጭ፣ አሬራ እስኪመስል ድረስ አትቁሚ፣ በተለይ ከኮፈኑ ሥር ያለውን ጠርዝ አትዝለዪ። ወረቀት በቀየርሽ ቁጥር የፍቀቱን አቅጣጫ አዙሪው፤ አግድም የነበረውን ሽቅብና ቁልቁል አድርጊው። የቀድሞው ጭረት ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ነው ወደሚቀጥለው ቁጥር የምትሄጂው። ሲያልቅ መብራቱ እንደ ውርጭ ነጭ ሆኖ ታገኚዋለሽ፤ አበላሸሁት ብለሽ አትደንግጪ።

እኔ የተሳሳትኩት ከዚህ በኋላ ነው። ቀኙን እስከ 3000 ድረስ ፍቄ፣ በፖሊሽ አሽቼ እንደ ምንጭ ውሃ አጠራሁት። ከአዲሱ ግራ መብራት ጋር አይለይም ነበር። ኩራቱ አይጣል ነው፤ ባልደረቦቼን እየጠራሁ አሳየሁ። ፖሊሹን የሸጠልኝ ሰው «ከዚህ በኋላ ምንም አያስፈልገውም» ብሎኛል፣ እኔም አመንኩት። የፋብሪካውን ሽፋን ግን በገዛ እጄ ፍቄ ጨርሼዋለሁ፤ ፕላስቲኩ ራቁቱን ነው። በአራተኛው ወር ቀኙ ከመጀመሪያውም ብሶ ቢጫ ሆነ። አንዱ ዓይኗ የጠራ፣ አንዱ የታመመ መኪና ይዤ ስንት ወር ዞርኩ! ምርመራውም ለሁለተኛ ጊዜ መለሰኝ።

ያወጣኝ አንድ የመኪና ቀለም ቀቢ ነው። «ጋሼ፣ መኪና ቀለም ተቀብቶ ያለ ክሊር ይወጣል ወይ?» አለኝ። ነገሩ ሁሉ ያ ነበር። ሃርደነር ከሚባለው ማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ የሚረጨውን ክሊር፣ ማለትም ቀለም የሌለውን ጥርት ያለ የላይ ሽፋን መቀባት ነው። እርሱን የምትቀቢ ከሆነ ደግሞ 3000 ድረስ መድከምም ሆነ ፖሊሽ አያስፈልግም፤ 1000 ወይም 1500 ላይ ቁሚ። ክሊሩ ጭረቱን ሞልቶ ያጠራዋል፣ በጣም የለሰለሰ ነገር ላይ ግን በደንብ አይዝም። ፖሊሽ የነካው ከሆነ ቅባቱ ሳይወጣ አይቀባም። ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊው፣ ከዚያ በኋላ በጣትሽ አትንኪው። ውህዱ ጣሳው ላይ በተጻፈው መጠን ብቻ ይሁን፤ ሃርደነር ከመጠኑ በላይ ሲጨመር ቶሎ ይደርቃል የሚሉሽን አትስሚ። ስስ ስስ አድርገሽ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በየመካከሉ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ እየጠበቅሽ። አንዴ አወፍራለሁ ካልሽ እንደ እንባ ይወርዳል።

የሚረጨው ነገር ለሳንባ ክፉ ነው። በማጠንከሪያው ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለ፤ የጨርቅ ማስክ አይመልሰውም። ቀለም ቀቢዎች የሚያጠልቁት ማጣሪያ ያለው ጭንብል ከሌለሽ ፍቀቱን አንቺ ሠርተሽ ለመቀባቱ ብቻ ለባለሙያ ስጪ። እኔ ያደረግሁት እንዲያ ነው፤ ዋናው ድካም ፍቀቱ ስለሆነ ብዙም አላስከፈለኝም። ልጆች አጠገብ እንዳይኖሩ።

ጊዜውንም ምረጪ። ከጦሳ ተራራ ጭጋግ በወረደበት ቀን ክሊር አይቀባም፤ እርጥበት ሲያገኘው ይነጣል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ አቧራ ያመጣል። የእኔን በጥር፣ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ነው የቀባነው። መኪናዋ ሙሉ ቀንና ሌሊት ከቀለም ቤቱ አልወጣችም። ኮምቦልቻ ስለሚሞቅ አንቺ ከእኔ ይልቅ ዕድለኛ ነሽ።

ሦስት ክረምት አልፎታል፣ አሁንም ጥርት እንዳለ ነው። ያ መርማሪ በሦስተኛው ጊዜ ጎንበስ ብሎ አየና «ቀየርከው?» አለኝ። «በእጄ ነው የሠራሁት» አልኩት። ምንም ሳይናገር ፈረመ።

አንድ የረሳሁት ነገር አለ፣ ከሁሉ በፊት ማድረግ የሚገባሽም እርሱ ነው። ምንም ሳትገዢ አንድ ኩባያ ውሃ መብራቱ ላይ አፍስሺና ሳይደርቅ ተመልከቺው። እርጥብ እያለ ጥርት ካለ ጉዳቱ ከውጭ ነው፤ የጻፍኩት ሁሉ ይሠራል። እርጥብም ሆኖ እንደደበዘዘ ከቀረ ግን ጉዳዩ ከውስጥ ነው፣ ወይም ውሃ ገብቶበታል፤ ያኔ ወረቀቱን አትግዢ። ሁለቱንም መብራት ሞክሪና ያየሽውን እዚሁ ጻፊልኝ።